አባቴ፣ ባሕሩና ባለ ነጭ ጅራቷ ንስር

እናቴ ባረፈች በዓመቱ አባቴን ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም አመጣኋቸው። የመጡት ለጉብኝት ነበር፤ ግን ብቻቸውን ባዶ ቤት እንዳይከርሙ ብዬ የመቆያ ፈቃዳቸውን አራዘምኩላቸውና እስከ ፋሲካ መዳረሻ ድረስ አብረውኝ ቆዩ።

ፊቲያ ያለው አፓርታማዬ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሳሎኑ መስኮት ሐይቁ ይታያል። አባቴ ጠዋት ጸሎታቸውን ይጨርሱና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ጎትተው ውሃውን ያያሉ። ከሥራ ስመለስም እዚያው አገኛቸዋለሁ። ቴሌቪዥን አይከፍቱም፣ ስልክ አይነኩም። አንድ ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ጠሩኝ።

"ይሄ እኮ ሐይቅ ነው፤ ባሕሩ የት ነው?"

"ባሕሩ ራቅ ይላል፣ አባባ።"

"ምን ያህል?"

"በመኪና አንድ ሰዓት ግድም ቢሆን ነው።"

"ታዲያ ምን እንጠብቃለን?"

አባቴ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ወጣትነታቸውን ምጽዋ ላይ፣ መርከብ ላይ፣ መድፍ ተኳሽ ሆነው ነው የጨረሱት። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ የማውቃቸው ግን አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ነው። ስለ ባሕር አያወሩም። ከዚያ ዘመን ቤታችን የቀረ ነገር ቢኖር ገመድ ሲቋጥሩ ከእሳቸው በቀር ማንም ሊፈታው አለመቻሉ ብቻ ነበር።

እኔ ሱንድቢበሪ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አብራኝ የሠራች አንዲት ስዊድናዊት አለች፤ አሁን ከከተማው በስተደቡብ ባሕሩ ዳር ያለውን የባሕር ወፎች ጥብቅ ስፍራ በፈቃደኝነት ትጠብቃለች። እዚህ እኛም "ሬሰርቫት" ነው የምንለው። ለዓመታት "አንድ ቀን ነይ" ስትለኝ "እሺ" እያልኩ ቀርቻለሁ። ወፍ ለማየት ብዬ ቅዳሜዬን በብርድ መፍጀት አልታየኝም ነበር። ያን ዕለት ደወልኩላትና "አባቴን ላመጣልሽ ነው" አልኳት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር የመጀመሪያው ጉዟችን። ዛፉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። አባቴ ከመኪናው እንደ ወረዱ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ ወደ ድንጋዩ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ቀመሱት።

"ጨው የለውም" አሉ።

"ትንሽ አለው" አለቻቸው ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ። አባቴ ባሕር ኃይል ሳሉ የተማሩት እንግሊዝኛ አላቸው፤ ትንሽ ዝጓል እንጂ አልጠፋም።

ወደ እኔ ዞረው "ጨው የተረሳበት ወጥ ነው" አሉኝ በአማርኛ። "ሽታም የለው። ደግነቱ አድማሱ የባሕር አድማስ ነው።"

በባሕሩ ዳር የተሠራች አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች፤ ወደ ውሃው በኩል ጠባብ ረጅም መስኮት ተከፍቶላታል። እዚያ ተቀምጠን አየን። ዝዮች በሰልፍ፣ እየተጯጯሁ ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ትንሿ ደሴት ላይ ዛፎቹ ነጭ ሆነው ደርቀዋል፤ በላያቸው ጥቋቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ልክ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥተዋል። ስዊድኖች "ስካርቭ" ይሏቸዋል። ዛፎቹን ያደረቀው ኩሳቸው ነው።

"እነዚህን አውቃቸዋለሁ" አሉ አባቴ። "ዳህላክ ላይም አሉ። ጠልቀው ነው የሚያጠምዱት።"

"እዚህ ዓሣ አጥማጆች በጣም ይጠሏቸዋል" አለች ባልደረባዬ።

"ዓሣ አጥማጅ የትም ቢሆን ዓሣ አጥማጅ ነው። ሌላ የበላው ዓሣ ሁሉ ከእሱ የተሰረቀ ይመስለዋል።"

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኔን ረስተውኝ ማውራት ጀመሩ። ጀርባቸው የጠቆረ ትላልቅ ነጫጭ የባሕር ወፎች እዚህ ደሴቶች ላይ ይፈለፈላሉ፤ አሁን አብዛኞቹ ሄደዋል፤ የሚከርሙት ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ላይ ነው ብላ ነገረቻቸው።

"የትኞቹ ሐይቆች?"

"ቪክቶሪያ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም።"

አባቴ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱና አፈጠጡብኝ። "አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረሽ እንዴት አልነገርሽኝም?"

እኔም መስማቴ ገና ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ጃኬታቸውን ለብሰው የሚጠብቁኝ እሳቸው ሆኑ። ኅዳር ላይ ደሴቶቹን የማጽዳት ሥራ ነበር። ብዙዎቹ የባሕር ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይ ነው፤ ሣሩ መሃል ቁጥቋጦ ከበቀለበት ደግሞ ቁራውና ሚንክ የሚሉት ትንሽ አውሬ እየተደበቁ ይጨርሷቸዋል። በጸደይ ማንም ሰው ደሴቶቹን እንዳይረግጥ የተከለከለ ስለሆነ ቆረጣው የሚሠራው በመጸውና በክረምት ነው።

ክረምት ስል አባቴ ሁልጊዜ ያርሙኝ ነበር። "ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዝናብ የሌለበት ምን ክረምት አለ? ይሄን ብርድ በሉት።"

ጀልባዋ ጋ ስንደርስ ባልደረባዬ ወደ ጎን ወሰደችኝና በስዊድንኛ "አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?" አለችኝ።

"ሰባ አራት።"

"ጎጆው ውስጥ እሳት እየሞቁ ቢቆዩ ይሻላል። ንፋስ አለ።"

አባቴ ስዊድንኛ አንድ ቃል አያውቁም። ቢሆንም ፊቷን አይተው ገባቸው። ከጀልባዋ ውስጥ አንዱን የመንሳፈፊያ ሰደርያ አነሱ፣ ለበሱት፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠበቁ፣ ገብተው መሃል ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁን። እሷም ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሞተሩን አስነሳች።

ደሴቷ ላይ እኔና እሷ በመጋዝ ስንቆርጥ አባቴ ቅርንጫፉን እየጎተቱ ይከምሩ ነበር። እረፍት ስናደርግ ከቦርሳዋ ቀረፋ የተነሰነሰበት ዳቦ አወጣች። አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አመሰግናለሁ፣ ጾም ነው" አሏት።

"ዳቦ አይበላም?"

"ቅቤ አለበት።"

"እስከ መቼ ነው የማይበላው?"

"እስከ ገና።"

"የእኛ ገና ነው የእናንተ?"

"የእኛ" አሉ አባቴ፣ እንደ ማዘን ብለው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ዳቦ ይዛ መጣች። "ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ ቅቤም ወተትም እንቁላልም የለበትም" ብላ ሰጠቻቸው። አባቴ ሁለት በሉና ለእኔ በአማርኛ "ጣዕም የለውም፤ ግን ልቧን ተመልከቺ" አሉኝ።

ከባሕሩ መሃል የሚመጣውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከሰሜን በረዶ ሸሽተው እዚህ የሚከርሙ ትንንሽ ዳክዬዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ጅራታቸው እንደ መርፌ ይረዝማል። እዚያ ርቀው፣ ማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ እያሉ፣ የሆነ ዜማ ባለው ድምፅ ይጠራራሉ። ባልደረባዬ ልጅ ሳለች ባሕሩ በእነሱና ኤይደር በሚባለው ትልቁ ዳክዬ ተሞልቶ ነበር አለች። አሁን የቀሩት ጥቂት ናቸው። ለምን ብለን ስንጠይቃት ብዙ ምክንያት ደረደረች፤ ሚንኩን፣ ምግባቸው መመናመኑን፣ የባሕሩን መሞቅ። ስታበቃ ግን "ትክክለኛውን የሚያውቅ የለም" አለች። አባቴ በዚህ መልስ ደስ አላቸው። አላውቅም የሚል ሰው ይወዳሉ።

ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ደግሞ ንስሯን አገኘናት።

ውሃው ከዳርቻው እስከ መጀመሪያዎቹ ደሴቶች ድረስ በረዶ ሠርቶ ነበር። በረዶው በተሰነጠቀ ቁጥር ከሥሩ የተወጠረ ሽቦ የተመታ ይመስል ይጮኻል። ክፍት ውሃ በቀረበት ጥግ ዳክዬዎች ተጨናንቀዋል፤ እንዲህ ሲሆን ለባሕር ንስሮች ሠርግ ነው፤ በረዶው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው የደከመውን ይመርጣሉ። ባልደረባዬ እዚያ አካባቢ የሚኖሩትን ጥንዶች ለረጅም ጊዜ ታውቃቸዋለች። ነጭ ጅራት፣ ቢጫ መንቁር ያላቸው፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ በር የሚያክል ወፎች ናቸው።

"አንደኛዋ መሬት ላይ ናት" አለች መነጽሯን ከዓይኗ ሳታወርድ። "ሴቷ ናት፤ ትልቋ። ቁራዎቹን አያችኋቸው? ቁራ ንስርን እንዲህ አይጠጋም።"

ዳርቻው ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበረች። ስንጠጋት አልበረረችም። ክንፎቿን ከጎኗ እንደ ከባድ ካባ እየጎተተች ጥቂት ተራመደችና ቆመች። አንገቷ ያዘነብላል፤ ነጭ ጅራቷ ሥሩ ላይ አረንጓዴ ኩስ ተለውሷል። ባልደረባዬ የተጎዱ የዱር እንስሳትን ለመንከባከብ ፈቃድ ላላት ሴት ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ "አምጧት፣ ጭንቅላቷን ሸፍኑ፣ ከእግሯ ግን ተጠንቀቁ ብላለች" አለችን። መኪናዋ ውስጥ የውሻ ማጓጓዣ ሳጥን ነበራት። መሸፈኛ ግን ትንሽ ፎጣ ብቻ።

ዞር ስል አባቴ የጃኬታቸውን ዚፕ ከፍተው ከውስጥ የተከናነቡትን ጋቢ እያወጡ ነው።

"አባባ፣ ተዉ! እጅዎን ትቦጫጭቅብዎታለች።"

"ሳጥኑን ያዢ አንቺ።"

"ግድ ካሉ እኔ ልያዛት—"

"አንቺ ዶሮ እንኳ ይዘሽ አታውቂም።"

እውነታቸውን ነው። ሳጥኑን ያዝኩ። ባልደረባዬ ከፊት በኩል እየተንቀሳቀሰች የንስሯን ዓይን ስትስብ አባቴ ከኋላ በዝግታ ቀረቡና ጋቢውን ጣል አደረጉባት። ከዚያ ሁለቱም ተንበረከኩ። የሰማሁት የአባቴን ትንፋሽና የክንፍ ድምፅ ብቻ ነው። ባልደረባዬ እግሮቿን ለመያዝ እየሞከረች ሳለ አንደኛው እግር አመለጣትና የአባቴን ክንድ ጨበጠ። አባቴ አልጮኹም። "ያዘችኝ" አሉ፤ ልክ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰው እጃቸውን የያዛቸው ይመስል። ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብን። እንዲያ ደክማም ቢሆን ኃይሏ የሚገርም ነበር።

እኔ ነዳሁ፤ ባልደረባዬ አጠገቤ ሆና መንገዱን አሳየችኝ፤ አባቴ ከኋላ ከሳጥኑ ጋር ተቀመጡ። መኪናው የበሰበሰ ዓሣ ሸተተ። በመስታወቱ ሳያቸው ጎንበስ ብለው በሳጥኑ ቀዳዳ "አይዞሽ፣ ደርሰናል፣ አይዞሽ" ይሏታል። እጅጌያቸው ላይ ደም ነበር። ሶደርተልየ ከተማ አጠገብ ካለችው ባለ ፈቃዷ ሴትዮ ግቢ ስንደርስ ሴትዮዋ የንስሯን ደረት ዳሰሰችና "አጥንት ብቻ ናት፤ ከተራበች ቆይታለች" አለች። ደም ልትወስድ እንደሆነም ነገረችን። ጋቢው እዚያው ቀረ።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች "ምን ነከሳቸው?" አለችኝ።

"ንስር ናት።"

"ይቅርታ?"

"ንስር። ወፍ። አልነከሰችም፤ በጥፍሯ ያዘቻቸው።"

ለአፍታ አየችኝ። "ድመት ማለትሽ አይደለም?"

"ምን አለች?" አሉ አባቴ።

"ድመት ናት ወይ አለች።"

"ድመት!" እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና ክንዳቸውን አፍንጫዋ ሥር አቀረቡላት። "የድመት እጅ ይሄን ያህላል? ጠይቂያት!" አልጠየቅኳትም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተወጉና ወደ ቤት ሄድን።

ንስሯ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባልደረባዬ ሥራ ቦታ ደውላ ነገረችኝ፤ ደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ተገኝቷል። አዳኞች ተኩሰው ያቆሰሉት ዝይ ወይም ዳክዬ ሲያመልጣቸው ሌላ ቦታ ሄዶ ይወድቃል፤ ንስር ያነሳዋል፤ ሥጋው ውስጥ ያለውን የጥይት ፍንጣሪ አብሮ ይውጠዋል። በመንገዴ ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ሳስብ መጣሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሞት ወሬ ለእሳቸው መናገር እፈራለሁ። በመጨረሻ ጫማዬን እያወለቅኩ እንዲያው በደፈናው ነገርኳቸው።

አባቴ ስለ እርሳሱ ደግሜ እንዳስረዳቸው ጠየቁ። አስረዳኋቸው።

"እኔ ጥይት አንዴ ከተተኮሰ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር" አሉ።

እራት አቀረብኩ፤ በላን። ሻይ ስንጠጣ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

"መርከባችን ላይ አንዲት ወፍ ነበረች። ከመድፉ አፈሙዝ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ልምምድ ስናደርግ ትበራለች፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሳ ትቀመጣለች። ልጆቹ ዓሣ ይወረውሩላት ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ደመወዝ ሊጠየቅላት ይገባል ይል ነበር፤ ተረኛ ጠባቂ ናት እያለ።" ሻያቸውን አማሰሉ። "መጨረሻ ላይ ከምጽዋ ስንወጣ እሷ እዚያው ነበረች። ያ ጓደኛዬ ግን አልወጣም። ብዙዎቹ አልወጡም።"

ስለ ባሕር የማያወሩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸውም ብርጭቋቸውን ራሳቸው አጥበው ሄደው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ግን አልፎ አልፎ ያወሩኝ ጀመር። ያ ጓደኛቸው እንዴት ይዘፍን እንደነበር፣ ምጽዋ ላይ ሙቀቱ ሲያይል መርከቡ ጣራ ላይ እንዴት ይተኙ እንደነበር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አባቴን መተዋወቅ ጀመርኩ።

ወደ ሬሰርቫቱ መሄዳቸውን ያቆማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላቆሙም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጋቢው ምትክ ሻርፕ ገዝተን ሄድን፤ ለአንገታቸው። የሞተችው ንስር ባል በረዶው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አባቴ ረጅም ጊዜ አዩት። "ይበላል?" ብለው ጠየቁ። "ይበላል" አለች ባልደረባዬ። "በልቶ ካደረ ደህና ነው" አሉ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር አሳየችን። በሦስት እግር የቆመውን ትልቁን መነጽር ከሩቁ ድንጋይ ላይ አነጣጥራ "እዩ" አለችን። ግራጫ፣ ወፋፍራም፣ እግር የሌላቸው የሚመስሉ እንስሳት ድንጋዩ ላይ ተንጋለዋል፤ ስዊድኖች "ሴል" ይሏቸዋል። አንዷ አጠገብ ነጭ ጠጉር ያለው ግልገል ነበር፤ ጭንቅላቱን አንስቶ ወደ እኛ በኩል ያየ መሰለኝ።

አባቴ መነጽሩ ላይ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

"አቆስጣ!" አሉ።

"ምን?"

"ኦሪት ላይ፣ የድንኳኑ መሸፈኛ። 'የአቆስጣ ቁርበት' ይላል። ልጅ ሳለሁ የኔታን አቆስጣ ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። 'የባሕር አውሬ ነው፤ አርፈህ ቁጠር' አሉኝ። ይሄው ነው እንግዲህ!"

ለባልደረባዬ ተረጎምኩላት። አሰብ አደረገችና እንዲህ ያለ እንስሳ ቀይ ባሕር ላይ የለም አለች።

"የለም" አሉ አባቴ። "እዚያ ያለው እንደ ላም ያለ፣ የባሕር ሣር የሚበላ ነው። አንድ ጊዜ ከመርከባችን ጎን ብቅ ሲል አይቻለሁ።"

"ምናልባት እሱ ይሆናላ" አለች።

"ለሙሴ ይመቸዋል፤ ከሲና ቅርብ ነው።" ወዲያው ግን ተመልሰው መነጽሩ ላይ ጎነበሱ። "እኔ ግን ይሄኛውን መርጫለሁ።"

ያን ጊዜ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽሩም አብሮ እየተንቀጠቀጠ። ባልደረባዬ ምኑ እንዳሳቃቸው በደንብ የገባት አይመስለኝም፤ እሷም ሳቀች።

ከፋሲካ በፊት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። "ፋሲካን ከእናትሽ መቃብር ርቄ አልውልም" አሉ፤ አልተከራከርኩም። አውሮፕላን ማረፊያ ስንሰነባበት ባልደረባዬም መጥታ ነበር። አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ ጾም እንደሆነ አስታውሳ።

እኔ ግን ወደ ሬሰርቫቱ መሄድ አላቆምኩም። መጀመሪያ ለአባቴ ብዬ ነበር፤ አሁን ለማን እንደሆነ እንጃ። መጋዝ መሳል ተምሬያለሁ። ጀልባዋን ዳር አስጠግቼ አቆማለሁ፤ በደንብ ባይሆንም።

ባለፈው መስከረም ከምሥራቅ ጭጋግ ይዞ የመጣ ንፋስ ነበር። ባልደረባዬና እኔ ጎጆዋ ደጃፍ ቆመን ሳለ ከባሕሩ በኩል አውራ ጣት የማያክሉ ወፎች ይወርዱ ጀመር። አናታቸው ላይ ቢጫ መስመር አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ባሕሩን ተሻግረው መምጣታቸው ነው፤ የመጀመሪያው ያገኙት ነገር ላይ ያርፋሉ፤ ሣሩ ላይ፣ ደጃፉ ላይ፣ ባልደረባዬ ኮፍያ ላይ። አንዷ የእኔ ጫማ ላይ አረፈች።

"አትንቀሳቀሺ" አለችኝ ባልደረባዬ።

ቀስ ብዬ ስልኬን አወጣሁና አባቴ ጋ በምስል ደወልኩ። ፊታቸው ብቅ ሲል ካሜራውን ወደ ጫማዬ አዞርኩት።

"አባባ፣ ይታይዎታል? ጫማዬ ላይ—"

"ይታየኛል" አሉ በሹክሹክታ፣ ከአዲስ አበባ ሆነው። "ድምፅሽን ቀንሺ እንጂ። ደክሟታል።"

ሦስታችንም አየናት። ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ ዓይኗን እየጨፈነች እየገለጠች፣ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ተነሳችና ወደ ጥዱ ሄደች።